ስምንት ኮር ስምንት እጥፍ አይደለም

ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት ዕዳ ስላለብኝ ነው። ባለፈው ሴሚስተር በሴሚናር ክፍለ ጊዜ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮችን ፍጥነት የሚያወዳድር አንድ ሰንጠረዥ አቅርቤ ነበር። ሰንጠረዡ ያምር ነበር፤ ቀለም ሁሉ ነበረው። ከሴሚናሩ በኋላ በፍላሽ እየተቀዳ ከክፍል ክፍል ዞረ። ችግሩ፣ ስህተት ነበር። ትንሽ ስህተት ቢሆን ኖሮ «ይቅርታ» ብዬ አልፈው ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ጓደኞቼ እሱን አምነው የሌሊት ሥራቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ሰንጠረዡ የደረሰበት ሁሉ እርማቱም እንዲደርስ፣ በዚያውም በነገሩ ላይ ያለኝን አስተያየት ልናገር ብዬ ይኸው ብዕሬን አነሣሁ።

መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ። ጓደኞቼ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩት እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ላይ ነበር። በዚያ ዳሰሳ 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመርጠው 15,683 ሴቶች ቃለ መጠይቅ ተደርጎላቸዋል። ልጆቹ የመረጡት ባለ ብዙ ደረጃ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ነው፤ አማካሪያቸውም ስታንዳርድ ኤረሩን በቡትስትራፕ፣ በ2000 ዙር እንዲያሰሉት ነግረዋቸዋል። የኔ ሰንጠረዥ ደግሞ ምን ይላል? ቡትስትራፕ በአራት ኮር ሲሠራ ከአንድ ሰከንድ በታች ይፈጃል ይላል። ያው እኔ የሞከርኩት በትንሽ ሞዴል ነበር፤ እነሱ ግን «የኛ ከበድ ቢል እንኳ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው» ብለው አሰቡ። ማን ይፈርድባቸዋል? ማስረከቢያው አንድ ሌሊት ሲቀረው ማታ ላይ ጀመሩት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ የደከመ ነበርና ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። በየመሐሉ ያስቀመጡት ውጤት አልነበረም። ጠዋት መብራት ሲመጣ የተረፋቸው ጊዜ ለ200 ዙር ብቻ በቃ። በዲፌንሱ ዕለት ፈታኙ መጀመሪያ የጠየቋቸው ይህንኑ ነበር፤ «ለምን 200 ብቻ?» አንደኛው ጓደኛዬ መልስ ከመስጠቱ በፊት ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ያችን አስተያየት እስካሁን አልረሳኋትም።

በማግሥቱ ሰንጠረዡን ይዤ ወደ አንድ መምህራችን ቢሮ ሄድኩ። ብዙ አላስጨነቁኝም። መነጽራቸውን አድርገው ካዩት በኋላ «እስቲ ንገረኝ፣ የትኛውን አምድ ነው የወሰድከው?» አሉኝ። መልሱ እዚያው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። «አር» የተባለው ሶፍትዌር (ስሙ በኛ ፊደል ሲጻፍ ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም፤ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን ከስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ሲያወጡለት አማርኛ አላሰቡም) የአንድን ሥራ ጊዜ ሲለካ ሦስት ቁጥር ይሰጣል። የመጀመሪያው «ዩዘር» ይባላል፤ ፕሮሰሰሩ በሥራው ላይ ያጠፋው ጊዜ ነው። ሁለተኛው «ሲስተም» ነው። ሦስተኛው «ኢላፕስድ» ሲሆን እሱ በግድግዳ ሰዓት የሚለካው፣ እኛ ቁጭ ብለን የጠበቅነው ጊዜ ነው። አንድ ሥራ በአንድ ኮር ሲሠራ አንደኛውና ሦስተኛው ስለሚቀራረቡ የትኛውንም ብታነቡ ብዙ ለውጥ የለውም። ኮሩ ሲበዛ ግን ይለያያሉ። አራት ኮሮች እያንዳንዳቸው ለ3 ሰከንድ ቢሠሩ ዩዘር 12 ይላል፤ እናንተ የጠበቃችሁት ግን 3 ሰከንድ ነው። እኔ የወሰድኩት የመጀመሪያውን አምድ ነበር። ስለዚህ የማትሪክስ ማባዣው መስመር ላይ «አራት ትሬድ ከአንድ ትሬድ ይዘገያል» የሚል ድምዳሜ ጻፍኩ። ጭብጨባም ተደረገልኝ።

ይባስ ብሎ ያው አምድ በሌላ በኩል ደግሞ ተቃራኒውን ይዋሻል። በዊንዶውስ ላይ «ፓራለል» በሚባለው ፓኬጅ ክላስተር ስንከፍት የሚፈጠሩት ሠራተኞች ትሬዶች አይደሉም፤ ራሳቸውን የቻሉ ሌሎች የአር ፕሮሰሶች ናቸው። ዋናው ፕሮሰስ ሥራውን አከፋፍሎ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ዩዘር የሚለው አምድ የሚቆጥረው የዋናውን ብቻ ስለሆነ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ያወጣል። ከሰከንድ በታች ያልኩት ተአምር ይኸው ነበር። የአለቃውን ድካም ለክቼ የሠራተኞቹን ረሳሁ ማለት ነው። እንግዲህ ሰንጠረዡ ያላችሁ ሰዎች ቀዩን ቀለም ሁሉ ሰርዙት።

ይህን ካልኩ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የፍጥነት ክርክር በላብራቶሪያችን አያልቅም። አንዱ ስታታ ፈጣን ነው ይላል፣ አንዱ ሳስ፣ አንዱ ፓይተን። ሌላው ደግሞ «ባለ ስምንት ኮር ላፕቶፕ ግዛና ተገላገል» ይላል። በኔ አስተያየት አብዛኛው ክርክር ስለ ሶፍትዌሮቹ አይደለም። ምን ከምን ጋር እንደተወዳደረ ሳይታወቅ የሚደረግ ክርክር ነው።

ኮር የበዛው ለምን እንደሆነ ባጭሩ ላስታውስ። እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ገደማ የፕሮሰሰር ፍጥነት በሰዓት ምቱ ያድግ ነበር፤ አዲስ ኮምፒዩተር የገዛ ሰው የድሮ ፕሮግራሙ ምንም ሳይነካ ይፈጥንለት ነበር። ሙቀቱ ሲያስቸግር አምራቾቹ መንገድ ቀየሩ። በ2005 ኢንቴልም ኤ ኤም ዲም ለተራው ሰው ኮምፒዩተር ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር አወጡ። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ የሚገኘው ፕሮግራሙ ሥራውን ከፋፍሎ መስጠት ሲያውቅ ነው። የማያውቅ ፕሮግራም በስምንት ኮር ላይ ቢጫን አንዱ ኮር ይሠራል፣ ሰባቱ ይተኛሉ።

ሶፍትዌሮቹ ለዚህ የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። ሳስ በ9ኛው ቨርዥን እንደ መደርደርና ሪግሬሽን ያሉ አንዳንድ ፕሮሲጀሮቹን ባለ ብዙ ትሬድ አደረጋቸው። ስታታ በ2006 ኤም ፒ የሚባለውን እትም አመጣ፤ ፈቃዱ የሚሸጠው በኮር ቁጥር ነው፣ ኮር በጨመረ ቁጥር ዋጋውም ይጨምራል። ኤስ ፒ ኤስ ኤስም በአንዳንድ ትእዛዞቹ ብቻ ነው ትሬድ የሚጠቀመው። አር ግን ትእዛዛችንን የሚተረጉመው ክፍሉ እስከ ዛሬ በአንድ ትሬድ ነው የሚሄደው። «አር ዘገምተኛ ነው» የሚባለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው። ወሬው ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሹን ግን ልብ ብሎ ማየት ይገባል።

አር ማትሪክስ ሲያባዛ ሥራውን ራሱ አይሠራውም፤ ብላስ ለሚባል ቤተ መጻሕፍት አሳልፎ ይሰጣል። ከኢንተርኔት አውርደን ዊንዶውስ ላይ የምንጭነው አር አብሮት የሚመጣው ብላስ ቀላሉና ጥንታዊው ዓይነት ነው፤ ትክክለኛ ነው፣ ግን በአንድ ትሬድ የሚሄድና ስለ ፕሮሰሰሩ አሠራር ምንም የማያውቅ። ኦፕን ብላስ ወይም የኢንቴሉ ኤም ኬ ኤል ግን ሌላ ነገር ናቸው። አምስት ሺህ በአምስት ሺህ የሆነ ማትሪክስ አስቡ። 25 ሚሊዮን ቁጥር፣ 200 ሜጋባይት ነው። እሱን ከአቻው ጋር ማባዛት ወደ 250 ቢሊዮን ስሌት ይጠይቃል። ቀላሉ ብላስ ወጥ ለመሥራት አንድ ሽንኩርት በፈለገ ቁጥር ገበያ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ወደ ራም ይመላለሳል። ኦፕን ብላስ ዘንቢሉን ሞልቶ ጓዳ ያስገባና እዚያው እየከተፈ ይሠራል። ጓዳው ካሽ የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ማስታወሻ ነው። ስለዚህ በአንድ ትሬድ እንኳ ብታስኬዱት ኦፕን ብላስ ቀላሉን ብላስ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ትሬዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አንድ ሰው «ማትላብ ከአር ይፈጥናል» ብሎ የማትሪክስ ማባዣ ቢያሳያችሁ ያሳያችሁ የማትላብን ፍጥነት አይደለም። ማትላብ ኤም ኬ ኤልን ይዞ ነው የሚመጣው። ሰውየው ያወዳደረው ኤም ኬ ኤልን ከቀላሉ ብላስ ጋር ነው። በኡቡንቱ ላይ ኦፕን ብላስን መጫን የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው፤ በዊንዶውስ ላይ ደግሞ አንድ ፋይል መተካት ነው። ዋጋው ምንም። ማይክሮሶፍት አርን ከኤም ኬ ኤል ጋር አዘጋጅቶ ያድል ነበር፤ የመጨረሻው 4.0.2 ቨርዥን ሆኖ ቀረና ቆመ። አንዳንድ ሰዎች አሁንም እሱን ፈልጉ ይላሉ። አትልፉ፣ ኦፕን ብላስ ይበቃል።

«እንግዲያው ለጓደኞችህ ኦፕን ብላስ ጭነህ አትገላግላቸውም ነበር?» የምትሉኝ አላችሁ። እኔም እንደዚያ ብዬ ሞክሬው ነበር። ምንም ለውጥ የለም! ምክንያቱን ፈልጌ ሳገኘው፣ የነሱን ሞዴል የሚያሰላው ኤል ኤም ኢ ፎር የተባለው ፓኬጅ የማትሪክስ ሥራውን በብዛት በብላስ በኩል አያሳልፍም፤ የራሱ ሌላ ቤተ መጻሕፍት አለው፣ ትሬድም አይጠቀምም። ስለዚህ አንዱን ሞዴል ማፍጠን በኮር አይሆንም። 2000ዎቹ ዙሮች ግን አንዱ ከሌላው ጋር አይነካኩም፤ 500 ለዚህ ኮር፣ 500 ለዚያ ኮር ብሎ ማከፋፈል ይቻላል። ትርፉ ያለው እዚያ ነው። በተጨማሪም እያንዳንዱን ዙር ከዜሮ ከማስጀመር ከሙሉው ዳታ የተገኘውን ግምት መነሻ አድርጎ መስጠት የድግግሞሹን ቁጥር ይቀንሳል። ይህቺ ምንም ኮር አትጠይቅም፣ ገንዘብም አትጠይቅም።

ደግሞ ስታታ ኤም ፒ ሁሉን ይፈታል ብላችሁ አትቸኩሉ። ድርጅቱ ራሱ ያወጣው የእያንዳንዱ ትእዛዝ የፍጥነት ሪፖርት አለ፤ ሰዎቹ በዚህ ሐቀኞች ናቸው፣ ኮር ቢጨመርላቸው ምንም የማይፈጥኑ ትእዛዞች እንዳሉ ሳይደብቁ ጽፈውታል። የቡትስትራፕ ዙሮችንም አንድ በአንድ ነው የሚያስኬዳቸው፤ ኮሮቹ የሚካፈሉት በእያንዳንዱ ዙር ውስጥ ያለውን ስሌት ነው።

ወደ ርዕሴ ልመለስ። ስምንት ኮር ለምን ስምንት እጥፍ አይሆንም? ጂን አምዳል የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሣው ነጥብ አለ። በደቦ የሚታጨድ ማሳ አስቡ። አጨዳውን ሰው በጨመረ ቁጥር ያፋጥነዋል፤ አውድማውን ለቅልቆ እስኪደርቅ መጠበቅ ግን ሃምሳ ሰው ቢመጣም ያው ነው። 100 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ አለን እንበል፤ 90ው ደቂቃ የሚከፋፈል፣ 10ሩ የማይከፋፈል። በአራት ኮር 10 ሲደመር 22 ተኩል፣ ማለትም 32 ተኩል ደቂቃ ይፈጃል። በስምንት ኮር 21 ደቂቃ ከሩብ። ስምንት ኮር የሰጠን አምስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ኮሩ መቶም ሺህም ቢሆን ከ10 ደቂቃ በታች አይወርድም። ያውም የሥራው ዘጠና ከመቶ የሚከፋፈል ሆኖ ነው። የኛ ሥራ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም፤ ፋይል ማንበብ፣ ማጽዳት፣ የጎደለ ኮድ ማስተካከል፣ ሁለት ሰንጠረዥ ማጋጠም ነው። ለማንበቡ እንኳ መላ አለ፤ ዳታ ዶት ቴብል የሚባለው ፓኬጅ ትልቅ የሲ ኤስ ቪ ፋይልን በብዙ ትሬድ ያነባል፣ ከተለመደው የአር ማንበቢያ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ማጽዳቱን ግን ማንም አይጋራንም።

ከዚህ ሌላ ማንም ሳይነግረኝ በራሴ የደረሱብኝ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ዊንዶውስ «8» ብሎ ያሳየኝ ኮር በእውነቱ አራት ነበር፤ የቀረው አንዱ ኮር እንደ ሁለት ሆኖ የሚቀርብበት ዘዴ ነው። እኔ ስምንት ሠራተኛ ከፈትኩ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ደግሞ ኦፕን ብላስን ስለሚጠራ የራሱን አራት ትሬድ ከፈተ። 32 ትሬድ በአራት ኮር ላይ! ኮምፒዩተሩ ማራገቢያው እየጮኸ ካንድ ኮር ባነሰ ፍጥነት መሥራት ጀመረ። ሠራተኛ ከከፈትን የብላሱን ትሬድ አንድ ማድረግ አለብን፣ ወይም በተቃራኒው። ሁለተኛው ራም ነው። በዊንዶውስ እያንዳንዱ ሠራተኛ የዳታውን ሙሉ ቅጂ ይይዛል። 700 ሜጋባይት ዳታ በአራት ሠራተኛና በዋናው ሲባዛ 3 ጂጋባይት ተኩል ነው። ባለ 4 ጂጋባይት ራም ኮምፒዩተር ላይ ይህን ያደረገ ሰው ሃርድ ዲስኩ ሲንኳኳ ያድራል።

አንድ ነገር ደግሞ ለመምህራኑ። ተማሪ በትሬድ ያሰላው ውጤት ከአንድ ትሬድ ውጤት ጋር በመጨረሻዎቹ አኃዞች ላይ ቢለያይ ኮርጇል ወይም ተሳስቷል አይባል። ኮምፒዩተር ውስጥ የመደመር ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል፤ 0.1ን ከ0.2 ደምረን 0.3 ስንጨምር መጨረሻው ላይ አንዲት 1 ተርፋ 0.6000000000000001 ትመጣለች፣ ከ0.3ና ከ0.2 ብንጀምር ግን 0.6 ነው። የዕጣ ቁጥሩ ጉዳይ ግን ይለያል። ዋናው ፕሮሰስ ላይ የተሰጠ የዘር ቁጥር ለሠራተኞቹ አይደርስም፤ ለክላስተሩ ለብቻ መስጠት ያስፈልጋል። ያን ያላደረገ ተማሪ ቡትስትራፑን ደግሞ ሲያስኬደው ሌላ ውጤት ያገኛል። እዚህ ላይ ቢጠየቅ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ አስተያየቴ። በዲፓርትመንታችን ባለ ብዙ ኮር ፈቃድ ይገዛልን የሚል ሐሳብ ሲነሣ እሰማለሁ። ሐሳቡን አልንቀውም። ስታታ ኤም ፒ ተጠቃሚው ምንም ሳያውቅ ሥራውን ያከፋፍልለታል፤ ይህ ለአንድ ሥራ ለበዛበት መምህር ትልቅ ነገር ነው። የዳሰሳ ጥናት ትእዛዞቹም የተመቹ ናቸው። እኔ የምቃወመው ሳይለካ መገዛቱን ነው። መጀመሪያ የላብራቶሪው ኮምፒዩተሮች ላይ ያለው አር ኦፕን ብላስ ይጫንለት። ከዚያ የኛ ተማሪዎች በእውነት የሚሠሯቸው አምስት ስድስት ሥራዎች ይመረጡና፣ ዳታው የኛው ሆኖ፣ በየሶፍትዌሩ ይለኩ፤ በግድግዳ ሰዓት። 15,683 ረድፍ ያለው ተራ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን በሁሉም ላይ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ያልቃል፤ ለዚያ ፈቃድ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ገንዘቡ ካለ እኔ ብጠየቅ ራም እና ዩ ፒ ኤስ እገዛበታለሁ።

«ፍጥነት የሰነፍ ጥያቄ ነው፣ ድሮ በካልኩሌተር ተሠርቷል» የሚሉ ታላላቆቻችንም አሉ። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። መብራት በማይቆይበት ቦታ ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጅ ሥራና ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ልዩነታቸው የትዕግሥት አይደለም። አንዱ ያልቃል፣ አንዱ አያልቅም።

ጓደኞቼ ከዲፌንሱ በኋላ እርማት ተሰጥቷቸው ሥራውን እንደገና ሠሩት። በዚህኛው ጊዜ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ነበር። ሥራውን በ100፣ በ100 ዙር ከፋፈልነው፤ እያንዳንዱ መቶ ሲያልቅ ውጤቱ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። በአራት ኮር አስጀመርነው። መሐል ላይ መብራት አንድ ጊዜ ሄደ፤ የጠፋብን ያልተጠናቀቀው መቶ ብቻ ነበር። 2000ው ሞላ። ከ2000 ዙር የወጣው ስታንዳርድ ኤረር ከ200ው ጋር ሲተያይ ብዙም አልራቀም፤ አንደኛው ጓደኛዬ ይህን ሲያይ «አንተ ልጅ፣ ስለዚህች ነው ያን ሁሉ የተሰደብነው?» አለኝ። እኔም የተስተካከለውን ሰንጠረዥ፣ ሦስቱንም አምድ ይዤ፣ ያለ ቀለም አትሜ ላብራቶሪው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ቡናም ጋብዣቸዋለሁ። ዕዳው ግን ገና አልተከፈለም እያሉ ነው።